ለውሻ ዳኛ 3,000 ብር ከፈልኩ

ባሕር ዳር ሄጄ ዳኛ ልቀጥር ነው ብለው የመጋዘኔ ዘበኛ አፉን ያዘ። «እትዬ፣ የሚቀጠረው እኮ ጠበቃ ነው። ዳኛ ከተቀጠረማ ሌላ ስም አለው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን የቀጠርኩት የውሻ ዳኛ፣ ውሻ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ሰው ነው። ገንዘቡን ከፍያለሁ፣ ሥራውን ቆሜ አይቻለሁ፣ ውሻዋም ይኸው ስምንት ወር አብራኝ ከርማለች። «እንዴት ነበር? ይረባል?» እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። ስልኬም ትረፍ።

ፍኖተ ሰላም ላይ በቆሎና በርበሬ እነግዳለሁ። ውሻ ማለት ለኔ ግቢ የሚጠብቅ፣ ትራፊ የሚበላ፣ ሌሊት የሚጮህ ነገር ነበር። ለውሻ ዳኛ ልከፍል ይቅርና ለውሻ ከፍዬ አላውቅም። እዚህ ያደረሰችኝ አይጥ ናት።

ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ታውቁታላችሁ። ሦስት ድርብ ነው። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ውስጥ ያለው አየር ያልቅና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት የለ፣ ሽታ የለ። እኔም አምኜበት አምና በቆሎዬን በሙሉ በሱ አስቀመጥኩ። አይጥ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትበሳው። አንድ ቀዳዳ ከተከፈተ አየር ይገባል፣ ነቀዙ ነፍስ ይዘራል፣ የከረጢቱ ዋጋም አብሮ ይሄዳል። የካቲት ላይ ክምሩን ሳገላብጥ አሥራ አንድ ከረጢት ታችኛው ጥጉ ላይ ተበስቶ አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል አታምኑኝም።

ድመት ነበረችኝ። ሁለት። አንዷ፣ ጎረቤት መርዝ አድርጎ ኖሮ፣ መርዝ የበላች አይጥ በልታ ሞተች። ሌላዋ እየወፈረች ሄዳ አይጥ ሲያልፍ ጥጓን ትለቅለታለች። መርዝ ደግሞ የሚበላ እህል ያለበት ቤት እኔ አላስገባም። የመጣ ይምጣ።

ባሕር ዳር ያለው የእህቴ ልጅ ነው «አክስቴ፣ ጃክ ራስል ግዥ» ያለኝ። በስልኩ አሳየኝ። ከበግ ግልገል ያነሰች ነጭ ውሻ የሆነ አገር ጎተራ ውስጥ ገብታ አይጡን እየነከሰች፣ አንዴ አራግፋ እየጣለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። መብላት የለ፣ መጫወት የለ። ጣለች፣ ቀጠለች። ልቤ ሄደ።

አባይ ማዶ አንድ ሰው ያራባል ተባለ። የውጭ አገር ሠራተኛ ሲሄድ ትቶት ከሄደው ጥንድ የተገኙ ናቸው አለ። አንዷ 18,000 ብር። እንግዲህ ነጋዴ ነኝ። ነጭ ሆኖ ጆሮው ላይ ቡናማ ጣል ያለበት ቡችላ ሁሉ ዘንድሮ «ጃክ ራስል» ተብሎ እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። በርበሬ ውስጥ ምን እንደሚቀላቀል የማውቅ ሰው ውሻ ላይ ምን እንደሚቀላቀል አልጠረጥርም? ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ አልኩ። ዳኛው የተገኘው እንዲህ ነው።

ስሙን አልጠራም፣ አልጠየቅኩትምና። እንግሊዝ አገር ውሻ ማራቢያ ቤት ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። የውሻ ትርኢት ላይ፣ ማለትም ውሾች በቁመናና በአካሄድ የሚወዳደሩበት ቦታ፣ ውሻ ይዞ ሜዳ ይገባ ነበር። የዳኝነት ወረቀት እንደሌለው ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። ይህን ወደድኩለት። ውሻ ከመግዛታችሁ በፊት ይመጣና እዚያ አገር ትርኢት ላይ እንደሚደረገው አድርጎ ይመረምራል፣ የታዘበውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። 3,000 ብርና የባጃጅ። ከሻጭ ምንም አይቀበልም። ሻጩ «ቡና በል» ብሎ ሲለምነው እንኳ እምቢ አለ። በኛ አገር የሰው ቡና እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

ወደ ባሕር ዳር የሄድኩበትን መንገድ አላወራም። መንገዱ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን እናንተም ታውቃላችሁ። በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጌ ደረስኩ። ዳኛው ግን ባሕር ዳር ውስጥ ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣችው ቀድማ፣ አባይን የሚሻገረው ዘግይቶ። ይህን ይመዝገብልኝ።

ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጠረጴዛ አለ?» ነው። ትንንሽ ውሾች በትርኢት የሚታዩት ጠረጴዛ ላይ ነው አለ፤ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ከላይ ከተጫነባቸው ይፈራሉ፣ ቁመናቸውም ይበላሻል። ሻጩ የቡና መጠጫ ጠረጴዛ አመጣ። ተነቃነቀ። ዳኛው ካርቶን ቀዶ ከጠረጴዛው እግር ሥር አደረገና አስተካከለው። ከዚያ በፊት ውሻውን አልነካም።

ሁለት ነበሩ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ወንዱ ሲያዩት ያምራል። ፊቱ ግማሽ ቡናማ ግማሽ ጥቁር ሆኖ መሐሉን ነጭ መስመር ይከፍለዋል። ሴቷ ነጭ ናት፤ ጆሮዋና ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጠብ ጠብ ብሎባታል። አፍንጫዋ ላይ ጠባሳ አለ። አንዱ ክራንቻዋ ጫፉ ተሰብሯል። በምን ተሰበረ ስለው ሻጩ «ከጃርት ጋር ተጣልታ» አለ። ከጃርት ጋር የምትጣላ አምስት ኪሎ ውሻ! እኔ እዚያው ወሰንኩ፣ ግን ፊቴ ላይ እንዳይታወቅ ወደ ሌላ አየሁ። የንግድ ነገር ነው።

ዳኛው ከአፍ ጀመረ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን እንደ መቀስ ሸፈን ማድረጉን አየ። ዓይን፤ ጠቆር ያለ፣ የለውዝ ቅርጽ ያለው፣ ያላፈጠጠ። ጆሮ፤ ወደ ፊት የታጠፈ፣ ቀዳዳውን የሸፈነ። «ጆሮው ለምን ይታጠፋል?» አልኩት። «አፈር እንዳይገባበት» አለኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ነገር «ለምን?» እያልኩ ጠየቅኩት፣ ለሁሉም መልስ ነበረው። እኔም በቆሎ ስገዛ ፍሬውን በጥርሴ የምሰብረው ለትርኢት አይደለም። ርጥበቱን ልሰማው ነው።

ቁመት ለካ። ከትከሻ ጫፍ እስከ መሬት። ሴቷ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ወንዱ 32። እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተማረኝ። ጃክ ራስል በዓለም አቀፉ መስፈርት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። እግሩ ረዘም ያለው ወንድሙ ፓርሰን ራስል ይባላል፤ እሱ ወንዱ 36፣ ሴቷ 33 አካባቢ ነው። «ይህ ወንድ ታዲያ የቱ ነው?» አልኩ። «ሁለቱም ቤት በር ላይ ቆሟል» አለኝ። ሳቅኩ።

ክብደት ሲመጣ ሻጩ ሚዛን አልነበረውም። እኔ ግን በርበሬ የምመዝንበትን የሚንጠለጠለውን ሚዛን ይዤ ነበር የሄድኩት። ሴቷን ዘንቢል ውስጥ አስገብተን ሰቀልናት። ምንም አላለችም፤ ዘንቢሉን አሸተተች፣ በርበሬው አስነጠሳት። 5 ኪሎ ከ400። መስፈርቱ ለያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት 1 ኪሎ ነው የሚለው። ለ28 ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ከ600 ይመጣል። ሁለት መቶ ግራም ጎደለች ማለት ነው። በርበሬ ቢሆን አልከራከርም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዳኛው ከውሻዋ ኋላ ቆመ። ሁለት እጁን ከፊት እግሮቿ በስተኋላ ደረቷ ላይ ጠመጠመ። አውራ ጣቶቹ ከላይ አከርካሪዋ ላይ ገጠሙ፤ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ደረቷ ሥር ተገናኙ። የፊት እግሮቿን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አደረጋቸውና ጨመቅ አድርጎ ለቀቀ። የደረቷ አጥንት እንደ ወናፍ እሺ ብሎ ተመለሰ። «እትዬ፣ ዳኛ ይህን ሳያደርግ ከሄደ ገንዘብዎን ያስመልሱ» አለኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቴሪየር የሚለው ስም ከላቲን «ቴራ» የመጣ ነው፣ መሬት ማለት ነው። ይህ ውሻ የተሠራው ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ነው። የነሱ ቀበሮ የኛው ቀበሮ አይደለም፤ ጅራቱ ወፍራም፣ ቀይ፣ ጉድጓድ የሚገባ ነው። ውሻው ተከትሎት ይገባል፣ ይጮህበታል፣ ያስጨንቀዋል፣ ቀበሮው በሌላ በኩል ይወጣል። መግደል ሥራው አይደለም። ደረቱ ሰፊ ከሆነ ቀበሮው ያለፈበትን አያልፍም። ደረቱ ጠቦ እንደ ድንጋይ ከደረቀም ጠባብ ቦታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ እጅ የሚሞላ፣ ሲጨመቅም እሺ የሚል ደረት ነው የሚፈለገው። ዙሪያው ከ40 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር። የሴቷ 41 ሆነ። ወንዱ ላይ የዳኛው ጣቶች ከታች ተገናኙ፣ ግን እንደምንም። ጥፍር ለጥፍር።

ከዚያ እንዲሄዱ አደረገ። ወደ ፊት፣ ወደ እሱ መልሶ፣ በጎን ሶምሶማ። ወንዱ ቀጥ ብሎ እንደ ባቡር ሄደ። ሴቷ አሥር እርምጃ ሄዳ አንዴ በኋላ እግሯ ዘለል አለች። እኔ አላየሁም። ሻጩም አላየሁም አለ። ዳኛው ግን ሦስት ጊዜ አመላለሳትና «ግራ ጉልበት። የጉልበቷን ሎሚ ሐኪም ያሳዩ። በትንንሽ ውሾች ላይ ከቦታው ሸርተት የማለት ነገር አለ» አለ። እንዲሁ ጻፈው።

ሲጽፍ እየጠበቅን ስለ ዝርያው አወራኝ። እዚህ ላይ ጎጃሜ ሁሉ ጆሮ ይስጠኝ። ይህን ውሻ ያራባው ቄስ ነው! ጆን ራስል ይባላል። «ጃክ» የጆን ማቆላመጫ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1795 ተወለደ። ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ከአንድ ወተት አመላላሽ ላይ ትራምፕ የምትባል ሴት ቴሪየር ገዛ። ነጭ ናት፤ ዓይኗና ጆሮዋ ላይ ቡናማ፣ ጅራቷ ሥር ደግሞ ከሳንቲም የማይበልጥ ነጥብ። የዘሩ እናት እሷ ናት ይባላል። ቄሱ ሲቀድስና አውሬ ሲያድን ኖሮ በ1883 ሞተ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃም ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው።

ይህ ቄስ በ1873 የተቋቋመው የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር፣ ኬኔል ክለብ፣ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበር። በ1874 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገ ትርኢት ላይ ፎክስ ቴሪየር የሚባለውን ዝርያ ዳኝቷል። የራሱን ውሾች ግን ለትርኢት አያቀርብም ነበር። የሥራ ውሾች ናቸው ብሎ። ከሱም በኋላ ውሻውን ለሥራ የያዙት ሰዎች ማኅበሩ ዝርያውን እንዳይመዘግብ ይከራከሩ ነበር። ውሻ ለሜዳ ከተዳኘ ደረቱ እየሰፋ፣ ፊቱ እያማረ፣ ጉድጓዱን እየረሳ ይሄዳል ብለው። ፓርሰኑ በ1990 ተመዘገበ። ጃክ ራስሉ ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገበው በ2016 ነው፤ ቄሱ ከሞተ ከ133 ዓመት በኋላ። ክርክሩ አሁንም አላለቀም አለኝ ዳኛው። እኔና እሱም ትንሽ ቆይተን እዚያው ክርክር ውስጥ ገባን።

ወረቀቱን ሰጠኝ። በአማርኛ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ወንዱን «በጣም ጥሩ»፣ ሴቷን «ጥሩ» ብሏል። አንደኛ ወንዱ።

ለምን አልኩ። አካሄዱ ንጹሕ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ራሱ ያምራል አለኝ። ሴቷ ጉልበቷ፣ ጥርሷ፣ ጠባሳዋ። ቁመቱስ? 32 አይደለም ወይ? መስፈርቱ እስከ 30 አይልም ወይ? «እትዬ፣ ዳኝነት በሜትር ብቻ አይሆንም። ጉድለት የሚመዘነው በልኩ ነው፤ ለውሻው ጤናና ለሥራው ምን ያህል ይጎዳል ተብሎ» አለኝ።

ጥሩ። እኔም የራሴን መስፈርት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሲባጎ ነው። ፍኖተ ሰላም ስነሣ መጋዘን ገብቼ ከረጢቱ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ከሲሚንቶው በምን ያህል ከፍ እንዳለ ለክቼ የቆረጥኩት። አንድ ስንዝር ሊሆን ሦስት ጣት ሲቀረው ነው። አይጥ የምትራባው እዚያ ሥር ነው። የበሳቻቸው ከረጢቶችም ሁሉ የተበሱት ከታች ነው። ሲባጎውን አግድም ወንበር እግር ላይ አስሬ «በዚህ ሥር አሳልፉልኝ» አልኩ። ሻጩ ደረቅ ሥጋ ወዲያ ማዶ አስቀመጠ። ሴቷ ሆዷን መሬት አስለጥፋ እንደ ውኃ ፈሰሰች። ወንዱ ራሱንና ትከሻውን አስገባ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ሲባጎውን በጀርባው ተሸክሞ ቆመ። ወንበሩ ወደቀ።

«ለኔ አንደኛ ይቺ ናት» አልኩ። ዳኛው አልተቀየመም። ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ለእርስዎ መጋዘን ነው የዳኙት፣ እኔ ለዝርያው ነው የዳኘሁት» አለኝ። መልሱ ደስ አለኝ፣ ግን አልተቀበልኩትም። ዝርያው ራሱ ለጉድጓድ ነው የተሠራው ብሎ ያስተማረኝ እሱ አይደለም?

ሴቷን በ16,500 ገዛሁ። የጉልበቷ ነገር ስለተጻፈ 1,500 ወረደልኝ። ይህን አስሉልኝ፤ የዳኛው ክፍያ ግማሹ እዚያው ተመለሰ። ስሟን አዝሙድ አልኳት፣ በነጭ ላይ ጥቁር ጠብ ጠብ ስላለባት።

ከተመለስኩ በኋላ የጠባሳው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጄን ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ አልኳት። ሥራ ለሚሠሩ ጃክ ራስሎች የተቋቋሙት ማኅበራት መስፈርት ላይ አገኘችው። ከሥራ ወይም ከአደጋ የመጣ አሮጌ ጠባሳ የውሻውን እንቅስቃሴ ወይም ሥራ ካልከለከለ በቀር በትርኢት ሜዳ ዕድሉን ሊያበላሽበት አይገባም ይላል። ደወልኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ልክ ነዎት እትዬ። ጠባሳው ላይ መቀነስ አልነበረብኝም። ጥርሱን ግን አስቤበት ነው» አለ። በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ጽፎ በእህቴ ልጅ በኩል ላከልኝ። ጠባሳው ተሰርዟል። ደረጃው ግን ያው «ጥሩ» ነው። ጉልበቷ አለና። ስህተቱን አምኖ ወረቀት የሚለውጥ ባለሙያ በዚህ ዘመን ስንት አለ? ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ እጨምርለታለሁ።

ጉልበቱ ላይ ደግሞ እሱ ነበር ልክ። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። በጣቱ ሎሚዋን ገፋ አደረጋት፤ ሸርተት አለች፣ ስትለቀቅ ራሷ ተመለሰች። ከአራቱ ደረጃ የመጀመሪያው ነው አለኝ። አሁን ሥራ አይከለክላትም፣ ግን እንዳትወፍር። እኔ ቤት የሚወፍረው ድመቷ ብቻ ነው አልኩት። ሐኪሙ ስለ ክትባት ሲጠይቀኝ ነው ዳኛው ያን እንዳልጠየቀ ያስታወስኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት የላትም ነበር። አይጥ ለሚይዝ ውሻ ደግሞ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታም አለ፣ ከውሻ ወደ ሰውም ይሻገራል። ዳኛውን ብጠይቀው «የሐኪም ሥራ ነው» አለኝ። የሐኪም ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። «ወረቀቱን ይጠይቁ» ለማለት ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ለገዢ የሚሠራ ሰው ይህን ማለት አለበት።

አዝሙድስ? መጀመሪያ ቀን መጋዘን ስትገባ ቆመች። አፍንጫዋን አነሣች። ከዚያ ርብራቡ ሥር ጠፋች። ዘበኛው ባትሪ ይዞ ሆዱ ላይ ተኛ። ውስጥ ኮሽ ኮሽ፣ ጭጭ፣ ከዚያ አንዲት ጩኸት። የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ መዘገብኩ። በመጀመሪያው ስድስት ሳምንት 43 አይጥ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወረደ፤ አሁን በሳምንት አንድ ብታገኝ ነው። ከሰኔ ወዲህ የተበሳ ከረጢት አላገኘሁም።

መልአክ ናት እንዳትሉኝ። የጎረቤት ሁለት ዶሮ ገድላለች፤ ከፍያለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ጓሮ የተተከለችውን ጌሾ ሥሯን ቆፍራ አድርቃታለች። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ አይጥ ይመስላታል። ሥራ ያልሠራች ቀን ደግሞ እስከ ማታ ትጮሃለች። ዳኛው «ጠባይ» በሚለው ሥር «ደፋር፣ ንቁ፣ የማትፈራ» ብሎ ነበር የጻፈው። አሁን ሳነበው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይገባኛል። በግልጽ «ዶሮ ካለዎት ያስቡበት» ቢል ምን ነበረበት?

የነፍስ አባቴ መጥተው ሲያዩዋት ስንት ገዛሻት አሉኝ። ዋጋውን ስነግራቸው አማተቡ። «አባ፣ ያራባው እኮ ቄስ ነው» አልኳቸው። «የምን ቄስ?» የእንግሊዝ። ትንሽ ዝም አሉ። ቀጥለው ቀስ ብለው አይጥ በእውነት ትገድል እንደሆነ ጠየቁኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ ጧፉን አይጥ እየበላባቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውሻ እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ሁለታችንም ወደ አዝሙድ እያየን ቡናችንን ጠጣን።

እንግዲህ ይቀጠራል ወይ ለሚለኝ፤ ይቀጠራል። 3,000 ብር ውድ ነው፣ ግን ዓይኑና እጁ ዋጋ አለው። ያን ጉልበት እኔ በዓመትም አላየው ነበር። ሰዓት ግን አያከብርም፣ ስለዚህ ከፈለጋችሁት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ቅጠሩት። የሚሰጣችሁን ወረቀት አንብቡ፣ ደረጃውን ግን እንደ ቃለ እግዚአብሔር አትውሰዱት። የቤታችሁን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። ከእኔ ጋር የማይስማማ ካለ ወንዱን ይጠይቅ፤ አንድ እንግዳ ማረፊያ ገዝቶት በር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል አሉ። እዚያ ደግሞ እሱ አንደኛ ይሆናል፣ አልክድም።

አንድ ነገር ግን አስጨምሬዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ የቴሪየር ፈተና የሚባል አለ። 9 በ9 ኢንች የሆነ የእንጨት መተላለፊያ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ጫፉ ላይ አይጥ ምንም እንዳትሆን በሽቦ ተከልላ ትቀመጣለች፤ ውሻው ገብቶ ሽቦው ጋ ሲደርስ መጮሁና አለመመለሱ ይታያል። 9 ኢንች በእጄ ለካሁት፤ ልክ አንድ ስንዝር ነው። ቡሬ ያለችው እህቴም ለመጋዘኗ ውሻ ፈልጋለችና ዳኛው በመጪው ወር ይመጣል። አናጢ ጠርቼ መተላለፊያውን አሠርቻለሁ፤ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር፣ መሐሉ ላይ አንድ ቦታ የታጠፈ። በስልክ ስነግረው ደስ አለው። «አይጡን ማን ይይዝልናል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዝሙድን እንዳትጠብቅ አልኩት፤ በቁሙ አምጥታ አታውቅም።